ያጠረው ከፈን

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥቅምት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለውዱ ወንድሜ፣

የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እዚያ ፖሊስ ኮሌጅ የሚሰጧችሁ ምግብስ ይበላል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሙቀቱን እንደሆነ ታውቀዋለህ። እናታችን ትስምሃለች፤ ሕፃኑም ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጎበዝ ነህ ብለው ትምህርት አስመረጡህ አሉ፣ ማሻአላህ! አንዱ እዚያው ስድስት ወር የጣት አሻራ፣ ሌላው ባሕር ማዶ ሁለት ዓመት የሬሳና የአጥንት ምርመራ። የቱን ልምረጥ ብለህ እኔን መጠየቅህ አሳቀኝ። ቀጥሎ የጻፍከውን ሳነብ ግን ሳቄን ዋጥኩት። የአባታችን ግራ እግር በልጅነቱ ተሰብሮ ነበር፣ አጥንት አይዋሽም፣ ስድስት ወሩን ጨርሼ መቃብሩን በፈቃድ አስከፍቼ እሱ መሆኑን አረጋግጣለሁ ትላለህ። አቦ፣ አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?

ያን ጊዜ ጅጅጋ ነበርክና ልንገርህ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አባታችንን ከወሰደው ከቀናት በኋላ አሸዋ ውስጥ አንድ ሬሳ ተገኘ። ፊት አልነበረውም። አጎታችን ሮብሌ ሽርጡን አይቶ ወንድሜ ነው ብሎ ጮኸ። ያንን ሽርጥ ግማሽ መጋላ ይለብሰዋል፤ ግን ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም፣ ማን ቆሞ ይጠይቃል? ከፈኑን እኔና እናታችን በአባታችን ቁመት ቀድደን ላክን። ብዙም ሳይቆይ ጨርቅ ጨምሩ የሚል መልእክት መጣ፤ እግሩ ጋ አልደረሰም። ሮብሌ ውሃ ሰው ያሳብጣል አለ። ማሳበጡንስ ያሳብጣል፤ ቁመት ይጨምራል ወይ? አትመልስልኝ። እናታችን ሌላ ጨርቅ ቀደደች። እኔም አጥፌ ላክሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቃለህ። የመበለትነት ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ ስትጨርስ በባህላችን የሟች ወንድም ወረሳት፣ ከሮብሌ ይህን ልጅ ወለደች። ያ ሬሳ አባታችን ካልሆነ እናታችን የማን ሚስት ናት? ሕፃኑስ የማን ሊባል ነው? ዛሬም አባታችን ይገባ በነበረበት በመግሪብ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ወላሂ፣ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ዳሃቦ የምትባል የሐርላ ባልቴት መጣች። ልጇ በዚያው ጎርፍ ቀርቶባታል፤ በየዓመቱ እየመጣች ጎርፍ የወሰዳቸው የት ተቀበሩ ትላለች። አንጀቴ አልችል ቢለኝ ወደ አባታችን መቃብር ወሰድኳት። አፈሩን ስትዳስስ ቆየችና ያንቺ ሰው ቁመቱ እንዴት ነበር አለችኝ። የእሷ ልጅ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ነበር። አባቴ አጭር ሰው ነበር አልኳት። እውነት ነው፣ አልዋሸሁም። አላህ ልጅ ይስጥሽ ብላ መርቃኝ ሌላ ቦታ ልትፈልግ ሄደች። መረቀችኝ እኮ!

እንግዲህ ምክሬን ከፈለግህ የባሕር ማዶውን ምረጥ። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ እናታችን ታለቅሳለች፣ እኔም እናፍቅሃለሁ። ግን ዳሃቦ አርጅታለች፤ ዘንድሮ የመጣችው በምርኩዝ ነው። ሁለት ዓመት የምትመላለስ አይመስለኝም።

አላህ መንገድህን ያቅናው፣ የተማርከውን ለበጎ ያድርግልህ። አባታችንን በዱዓህ አትርሳው። እዚያ የተኛውንም።

የምትወድህ እህትህ