ቅዱሱን ከበር ውጭ ያቆየንበት ቀን

ውድ አበልጄ ኡባልዶ፣

ሚስትህ ኒኮላሳ በገበሬዎች ጠባቂ በቅዱስ ኢሲድሮ ፊት በር ዘጋች የሚለው ወሬ ለዓይንህ ሕክምና እስከሄድክበት ካርታሄና ድረስ እንደሚከተልህ አልጠራጠርም። ከሌላ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትሰማው ዘንድ፣ ዓይንህ ገና በፋሻ እንደታሰረ ቢሆን እንኳ ልጅህ ታነብልህ ዘንድ ይህን ጻፍኩ።

ዘንድሮ ዝናቡ አላባራም። የቦዬው ቅጠል በመጀመሪያ ጠቆር ጠቆር አለ፤ ቆየት ብሎ ሐረጉ ከነድጋፍ እንጨቱ እሳት የላሰው መሰለ። የጎረቤታችን የኦሊምፖ ማሳ አለቀ፤ የእኔም የጓሮ ቦዬ አብሮ ሄደ። ንጹሕ ሆኖ የቀረው ከጅረቱ ማዶ ያለው ያንተ ማሳ ብቻ ነው። ለመጪው ዓመት የሚተከል ዘር ከተገኘ ከዚያ እንደሚገኝ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሕዝቡ መክሮ የቅዱሱን ሐውልት በየማሳው መካከል ሊያዞር ወሰነ፤ መጨረሻውም ያንተ ማሳ እንዲሆን።

በአንተ ቦታ፣ በፊት በኩል በስተቀኝ፣ የመሸከሚያውን እንጨት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከማለዳ ጀምሮ በጤዛ የራሰውን የሞተ ሐረግ እየገፋን አለፍን። የቅዱሱ ካባ ረጥቦ ነበር፤ እጅጌያችን ላይ የጠቆረ ቅጠል ተለጥፎ ነበር። የማሳህ በር ዘንድ ስንደርስ ኒኮላሳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማለች።

«ቅጠሉ ሳይደርቅ ማንም አይገባም፤ በሽታው በእርጥብ ነው የሚጋባው» አለች።

«ቅዱሱ ነው እኮ የመጣው፤ ቀረጥ ሰብሳቢ አይደለም» አላት ኦሊምፖ።

«ቅዱሱ ብቻውን መሄድ ከቻለ ይግባ። እናንተ ግን የታመመ ማሳ ስትዳብሱ ነው ያረፈዳችሁት። እስቲ እጅጌህን እየው።»

«ባልሽ ቢኖር ይህን ትናገሪ ነበር?»

«ባሌ ቢኖርስ አንተ ይህን ትናገረኝ ነበር?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም። ጸሎቱን የሚመሩት አሮጊቷ ዶሚቲላ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ነገ ማሳሽ ቢጠቁር ቅዱሱን እንዳታማርሪ።»

«ሳላማርረው የዋልኩበት ቀን የለም እማማ። እሱም ለምዶኛል።»

«በቃ፣ እንግባ!» አለ ኦሊምፖ፤ የኋላዎቹም ገፉን። የእንጨቱ ጫፍ ኒኮላሳ ደረት አጠገብ ደረሰ። እርሷ አልተነቃነቀችም።

ኡባልዶ፣ ያ እንጨት ከአባትህ ትከሻ ወደ አንተ ትከሻ እንደተሻገረ አውቃለሁ። አደራ የሰጠኸኝም እስከ መጨረሻው እንድሸከመው ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ትከሻዬን አወጣሁ። ቅዱሱ ዘመመ፤ ሌሎቹም እንዳይወድቅባቸው ፈርተው አብረውኝ አወረዱት።

«መምህር፣ ደከመዎት እንዴ?» አለኝ ኦሊምፖ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«አልደከመኝም። ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቃለን።»

ፀሐይ ግን አልወጣችም። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ደመናውን እያየን ረፈደ። ኒኮላሳ የቦዬና የአይብ ሾርባ በድስት አድርጋ በአጥሩ ላይ አቀበለችን፤ ከዶሚቲላ በቀር የቀመሰ የለም። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ መጣ። ቅዱሱን ኒኮላሳ ባቀበለችን የአልጋ ልብስ ሸፍነን፣ ማሳህን ሳይባርክ ወደ ቤተ ክርስቲያን መለስነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንገድ ላይ የእኔንና የኒኮላሳን ሰላምታ የሚመልስ ጥቂት ነው።

ማሳህ ድኗል ብዬ አልዋሽህም። በበሩ አጠገብ ያለች አንዲት ሐረግ ጠቁራ ተገኘች፤ ኒኮላሳ ነቅላ አቃጠለቻት። የቀረው እስካሁን አረንጓዴ ነው፤ እስከ ምርቱ ይዘልቅ እንደሆነ የሚነግረን የለም። ትናንት ዝናቡ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ብሎ ፀሐይ ቅጠሉን ካደረቀችው በኋላ ኦሊምፖ መጣ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ኒኮላሳ፣ ዘር ከተረፈ…»

«ከተረፈ ለሁሉም ነው» አለችው። «ላንተ ግን ትንንሾቹን ነው የምሰጥህ።»

እርሱም ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። ከሄደ በኋላ፣ «አበልጄ፣ ኡባልዶ ማሳው ቢጠፋ ይቅር ይለኛል፤ ስለ ቅዱሱ ግን እንጃ» አለችኝ። መልሱ ያንተ ነውና ጥያቄዋን እንዳለ ልኬልሃለሁ።

ብትቆጣ ቁጣህን ወደ እኔ ላክ፤ እንጨቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ለእርሷ ግን በልጅህ እጅ አንድ ቃል አጽፍላት። ዝናቡ አሁንም አላቆመም፤ በየማለዳው በሩ ላይ የምትቆመው ብቻዋን ነው።

አክባሪህ አበልጅህ
ዴሜትሪዮ