በኮከቦች መሃል የተሰቀለው ፎቶህ

ሾኔ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም.

ደቡብ አፍሪካ ላለኸው ወንድሜ ለኤርሲዶ፣

ጤናህን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔና እማዬ፣ ከንዴቴ በቀር፣ ደህና ነን።

የላክልኝ ስልክ ደርሶኛል። «ስልኩ ላይ በጫንኩልሽ የሌሊት ፎቶ ማንሻ አፕ የሾኔን ሰማይ አንስተሽ ላኪልኝ» ባልከው መሠረት፣ በፋሲካ ሰሞን ስልኩን እንዳይነቃነቅ ድንጋይ አስደግፌ አነሳሁ። ኮከቡ እንደ ተበተነ ጤፍ ሆኖ ወጣ። ላክሁልህ፤ እስከ ዛሬ አላየኸውም። ስልክም አታነሳም። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ፤ ግን እናት ያለው ሰው እንዲህ ያደርጋል?

እማዬ ናፍቆቱ ሲብስባት ያንን ሰማይና የድሮ ጉርድ ፎቶህን ለፎቶ ቤቱ ለፈትሁዲን ሰጠችው። እሱም ያሳመረ መስሎት አንተን ኮከቦቹ መሃል አስገብቶ፣ አሳድጎ፣ በፍሬም አመጣላት። እሷም ሳሎን ሰቀለችው።

ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ትርፊት በበራችን ስታልፍ አየችውና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገባች። «ምነው ሳትነግሩን?» ብላ ለቅሶ! እጇን ይዤ አስወጣኋት። ፈትሁዲንንም ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄጄ ልክ ልኩን ነገርኩት። ደህናውን ሰው ማን ሰማይ ላይ ይሰቅላል?

እማዬ የራሷን ነጠላ፣ እንዳትዘቀዝቀው የፈራች ይመስል፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ያለ ነጠላ ሄደች።

ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚሄደው ለሰፈራችን ልጅ ለማቴዎስ ሰጥቼዋለሁ። እኔ ኮከብ አልፈልግም። ፊትህን በፀሐይ አንስተህ ላክ፤ ጺምህ እንዳደገ ይሁን።

ሰላምታዬ ይድረስህ። ካነበብከው ተናደድብኝ፤ ደውለህም ስደበኝ።

እህትህ ኤርጎጌ