ሰባት ሰዎች በአንድ ዱላ

ለወንድሜ ለሰይፈሥላሴ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ያ በክረምት የሚነሣብህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እልፍነሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብዬ ያስተማርኩህ እኔው ስለሆንኩ ነው እንጂ፣ ልቤስ ተቀይሞሃል።

መልስህ ቅዳሜ ደረሰኝ። ልጄ ወንዳፈረው ሦስት ዓመት ተፈርዶበት መታሰሩን ብጽፍልህ፣ «እትዬ፣ በኅብረት ያጠፋ በኅብረት ይጠየቃል፤ በጽሕፈት ቤታችን በእጅ የምንገለብጠው አዲሱ የሕግ ረቂቅም ይህንኑ ያጠብቀዋል፤ ወንዳፈረውም ከክፉ ባልንጀራ ባይውል መልካም ነበር» አልከኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክፉ ባልንጀራ ያልካቸው የእኔን ቤት በሣር ሊከድኑ የመጡ ጎረቤቶቼ ናቸው።

አንተ የምታውቀው የፍርዱን ወረቀት ነውና ነገሩን እንደሆነው ልንገርህ። በእኛ ሠፈር ደቦ ላይ ያረፈደ ሰው ከምሰሶው ጋር በሣር ገመድ ይታሰራል። ጠላ አመጣለሁ ብሎ ቃል እስኪገባ ይሳቅበታል፣ ከዚያ ይፈታል። ሐዲያውም ከምባታውም እኛም እንዲሁ ስንታሰርና ስንፈታ ኖረናል። የዚያን ቀን ጎረቤታችን ጠና የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ወንዳፈረው ከጣሪያው ላይ ገመዱን ወረወረ፣ ከታች ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ይዘው አሰሩት። ጠናም እየሳቀ፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ጠላው እኮ ገና አልተጠነሰሰም» ይላቸው ነበር። ስድስተኛው፣ ዋለ የሚባለው ግን ከጠና ጋር የወሰን ቂም ነበረው። ማንም ሳያስበው አንድ ወራጅ እንጨት አንሥቶ የታሰረውን ሰው ፊቱን መታው። የጠና ግራ ዓይን ጠፋ። እንጨቱን ከዋለ እጅ የነጠቀው ከጣሪያው ዘሎ የወረደው ልጄ ነው።

ዳኛው ሰባቱንም እኩል ፈረደባቸው። ገመዱ ባይኖር ዱላው አያገኘውም ነበር ተባለ። ጠና ራሱ ቆሞ፣ «የመታኝ አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ቤታቸው ይግቡ» ቢል የሰማው የለም።

አሁን ያልጻፍኩልህን ልጻፍልህ። «እሰሩት» ያልኩት እኔ ነኝ። ማርፈድ እንደማልወድ ታውቃለህ። ልጄ ገመዱን የወረወረው እኔ ከታች ስለጮኽኩበት ነው፤ ሲጠየቅ ግን «ማንም አላዘዘኝም» አለ። ከፍርዱ ማግሥት ከዘራዬን ይዤ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ተናገርኩ። ሳቀብኝ። «እሜቴ፣ በእርስዎ ዕድሜ በደቦ ቀልድ ይታሰራሉ? ቤትዎ ይግቡ» አለኝ። ነገሩ ቀልድ መሆኑን ያወቀው የእኔ ተራ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ አንተ መልስልኝ። ሕጉ ሰውን በጅምላ የሚሰበስብ ከሆነ እኔን ምን አስቀረኝ? የየሰዉን እጅና ሐሳብ የሚመዝን ከሆነ ልጄን ምን አገባው? ለዋለ አልለምንም፣ ዋለ ይታሰር። ዋለ ሊመታ መሆኑን ግን ለሌሎቹ ማን ነገራቸው? ይህን ጥያቄ ከአንቀጹ አጠገብ ጻፍና ለበላዮችህ አሳያቸው። ሥልጣኑ የለኝም አትበለኝ፤ አፍ አለህ። ጽሕፈትህም እንደ ልጅነትህ የተንጋደደ እንዳይሆን።

ይግባኙ የካቲት አሥራ ሁለት ይሰማል። ጠናና እኔ አብረን እንሄዳለን፤ በእሱ አንድ ዓይንና በእኔ ከዘራ እንደርሳለን። ስሜን ከሰባቱ ጋር ይጻፉ፣ ወይም ስድስቱን ይፍቱ እላለሁ። ይጽፉኝም እንደሆነ ስንቄን ቋጥሬ ነው የምሄደው።

እልፍነሽን ሰላም በልልኝ። ገነቴን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ኤሊያስም ንባቡን እንዳይሰንፍ ንገረው። የጠና ሚስት አስካለች ሰላም ብላሃለች፤ ባሏ ዓይኑን አጥቶ እንኳ ከአንተ ይልቅ ለልጄ ታዝናለች። ወንዳፈረውም ከእስር ቤት፣ «አጎቴን ሰላም በይልኝ፣ ደግሞም እንዳትቆጪው» ብሎ ልኳል። ሰላምታውን አድርሻለሁ።

እኅትህ ወለተ ማርያም
ሆሳዕና፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.