ዓይኔ ያልጾመበት ፍልሰታ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ ታደለን አላናገርኩትም። እሱም አላናገረኝም። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ ይሰቅላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ይኸው ሰቀልን። ታደለ የጅብሰሙን ቦርድ በሁለት እጁና በአናቱ ደግፎ ወደ ላይ ይይዛል፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ብሎኑን በድሪል አስራለሁ። ስጨርስ ቦርዱን አንኳኳለሁ፣ ይለቃል። በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። ሀርጌሳ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ጅብሰም የሚሰቅል የለም። ካለም አላየሁትም፤ ካየሁትም ረስቼዋለሁ። አሁን ደግሞ መጻፍ እችላለሁ። ቲቸር ሰዓዳ፣ የዚሁ አገር ሴት ሆና አዲስ አበባ ያደገች፣ ማታ ማታ ስታስተምረን ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጡት እናት የፈተናው ቀን መነጽራቸውን ረስተው ነበር። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ቲቸር «በየቀኑ ትንሽ ጻፍ፣ አለዚያ እጅህ ይረሳል» ስላለችኝ እጽፋለሁ።

የጠቡ ምክንያት ይሄ ነው። ትናንት ማታ ጋአን ሊባህ ሰፈር ባለችው ክፍላችን ታደለ የአገር ቤቱን ጦርነት ቪዲዮ ከፍቶ «የጀመራችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ። እናንተ። እኔ ከመሰላል ወርጄ ጦርነት ስጀምር የት አየኝ? የእኔ አገር ከወንዙ ወዲህ ነው፣ የእሱ ከወንዙ ወዲያ። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ከአንድ ሳህን ነው የበላነው። «እናንተስ?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያልተባለ የለም። ፍልሰታን አብረን ገብተን፣ ዛሬ ሽሮውን ለየብቻ ሠራን። የእኔ ይበልጣል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ማንበብ ብርሃን ነው ያለው ሰው ኮመንት አላነበበም። ድሮ ከቪዲዮው ሥር ያለው ጽሑፍ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ያልፋል፣ እኔም አልፋለሁ። አሁን ጉንዳኑ ሁሉ ይነክሳል። ምሳ ሰዓት ላይ አየር ማረፊያው አጠገብ ከምንሠራው ቪላ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለ እኛ ሰዎች የተጻፈውን አነበብኩ። እዚህ አልደግመውም፣ ደብተሬ አዲስ ነው።

ደሜ ፈላ። እኔም ጻፍኩ። ቲቸር ሳታዝዘኝ፣ ከሰሌዳ ሳልገለብጥ፣ ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። የታደለን ከተማ ስም ጠርቼ፣ ትንደድ፣ እሳቷን ቁጭ ብለን እንሞቃለን አልኩ። ከነስሜ፣ ከነፎቶዬ። ፈሪ አይደለሁም። ላይኩ ጎረፈ። «ጀግና» ያለኝም አለ።

ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ለግድግዳው ነው። ታደለ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«እናቴ እዚያ ናት» አለ።

አውቃለሁ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ይደውላል፣ ስልኳ አይሠራም። «እናንተ ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ» አልኩት። ፍራሹን ወደ ግድግዳው አዞረና ሳይበላ ተኛ። ሽንኩርቱ እንደተከተፈ ቀረ።

አሸንፌያለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ኑሪ ነቃብን። ኑሪ ሥራውን የያዘልን የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ሰላት ሰዓቱን አያሳልፍም፣ ቀልድም አያሳልፍም። «አቦ ምንድነው፣ ሁለት ዲዳ ነው እንዴ የቀጠርኩት?» አለ። እኔ ብሎን ቆጠርኩ። «ፕሮፌሰር፣ አንተ እንኳን ዝም ካልክ ወላሂ የሆነ ሰው ሞቷል።» ፕሮፌሰር የሚለኝ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ነው። ሊያሾፍ ብሎ ነው፤ እኔ ግን ስሙን ወድጄዋለሁ።

ከሥራ ስወጣ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለን ለፍልሰታ ድንበሩን ተሻግሬ ጅግጅጋ ልቆርብ አስቤአለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አልቆረብኩም። የዘንድሮውን ደግሞ ለእሷ ብዬ ተስዬበታለሁ። ይሄ ቀልድ የለበትም።

«አባ፣ ዳዊት ማንበብ ጀምሬያለሁ» አልኳቸው። (አንድ መዝሙር ነው። እሱም ግማሹ።)

«ጎሽ። ሌላስ ምን ታነባለህ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታ ያነባሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ አፍህን ከሥጋ ከልክለህ ዓይንህን የሰው ሥጋ ታበላዋለህ? ልብህን መዝጊያ የሌለው ቤት አድርገኸዋል። ያለፈ ያገደመው ሁሉ እየገባ ያድርበታል፣ አንተ ደግሞ እንግዳ መጣልኝ ብለህ ታነጥፋለህ።»

«እሱ ነው የጀመረው፣ አባ።»

«እንግዲያው አንተ ጨርሰው። ሳትታረቅ ብትመጣ አልፈታህም። እስከዚያው ስልክህን ከመክፈትህ በፊት አባታችን ሆይ በል፣ እስከ መጨረሻው።»

ይሄማ ቀላል ነው። አባታችን ሆይን ሳልማርም አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ቀላል አይደለም። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ከሳሉ ቀጥሎ ካለው ቀጠልኩና ስልኬን ከፈትኩ። ምሳ ሰዓት ላይም ሳልኩ። እግዜር ይህ ሰውዬ ሳንባው ታመመ ሳይል አይቀርም።

አሁን የምጽፈውን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን ትልቅ ቦርድ ስንሰቅል ታደለ እንደ ሁልጊዜው ከሥር ይዞ፣ አንገቱ ተቆልምሞ፣ ዓይኑ ውስጥ የጅብሰም ብናኝ እየገባ ቆሟል። አንዱን ጎን አሰርኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ይያዘው አልኩ በልቤ። «ብሎን አለቀ» ብዬ ወረድኩ። ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሌላው ክፍል ገብቼ ውኃ ጠጣሁ። በመስኮት ታክሲ አየሁ። ስመለስ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ወጥቼ አሰርኩት።

ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ? እኔ ሰው አሳቃለሁ እንጂ ሰው አላሰቃይም። ይሄ ነገር ከስልኩ ወደ ልቤ ገባ፣ ከልቤ ወደ እጄ ወረደ። በየት በኩል እንዳለፈ አላየሁትም። የሚያስፈራኝ ደግሞ ደስ ያለኝ መሆኑ ነው። ውኃው ጣፍጦኛል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ጁምዓ ነው፣ ሥራ የለም። መንገዱ ጭር ብሏል። ታደለ ወጥቷል፣ የት እንደሆነ አላውቅም።

ኮመንቱን ላጠፋ ተነሳሁ። እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም። ነካሁት፣ ላይክ አደረገልኝ፤ ራሴን በራሴ። ረዥም ተጫንኩት፣ የማላውቀው ነገር ዘረዘረልኝ፣ ደንግጬ ዘጋሁት። ቲቸር መጻፍ እንጂ ማጥፋት አላስተማረችኝም።

ከሥሩ ሰዎች ይመርቁኛል። አንዱ «እሳቱን የምትለኩስበት እጅህ ይባረክ» ይላል። ይሄ እጅ ትናንት ምን እንደሠራ ባወቀ።

ማንን ልጠይቅ? ኑሪን ብጠይቀው ያነበዋል፤ የድሬ ሰው ደግሞ አንብቦ ዝም አይልም፣ እስከ እርጅናዬ ያወራዋል። ቲቸርን ብጠይቃት አንደኛ ያወጣችኝን ሴት በምን ዓይኔ አያታለሁ? ስልኩን የሚያውቀው ታደለ ነው። ሲገዛም አብሮኝ ነበረ፣ አካውንቱን የከፈተልኝም እሱ ነው፣ ፎቶዬንም ያነሳኝ እሱ ነው። ያ «ጀግና» የተባለው ፎቶ።

ማታ ተመልሶ መጣ። አልጠየቅኩትም። ነገ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ጠዋት ቦርድ ከማንሳታችን በፊት ስልኩን ከፍቼ ሰጠሁት። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ቀልድም ነበረበት። ጠፋብኝ።

«አጥፋልኝ» አልኩት።

ተቀበለኝና አነበበው። ለራሱ፣ በዝግታ። ከዚያ መለሰልኝ። «እኔ አልነካውም። አንተ ጻፍከው፣ አንተ አጥፋው። እዚህ ጋ ያዘው። አሁን እሱን ተጫን። አዎ በለው።»

ጠፋ። ያነበበው ሰው ግን አንብቦታል።

«ሐሙስ ዕለት ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። ስትወርድ ሲንሿሿ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልለቀቅከውም?»

«መሰላሉ ከሥሩ ነበር። ብለቀው መሰላሉን ይሰነጥቀዋል፣ ነገ አንተ ከተሰነጠቀ መሰላል ብትወድቅ ማን ያስታምምሃል? እኔ ነኝ።» አልሳቀም። ቁጣው እንዳለ ነው።

«ይቅር በለኝ።»

«ዛሬ አልልህም። ዛሬ ካልኩህ ውሸት ነው። ና ያዝ፣ ኑሪ ሳይመጣ።»

ቀኑን ሙሉ እኔ ከሥር ያዝኩ፣ እሱ አሰረ። ቦታ እንለዋወጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሰሩ ላይ ከእኔ ያንሳል፤ ይሄን ስጽፍ ለክፋት አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ከሥር መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንገቴን አሁን ማዞር አልችልም።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

አባን ደወልኩላቸው። «ይቅር አላለኝም» አልኳቸው። «አንተስ?» አሉኝ። «እኔ ብያለሁ መሰለኝ።» «መሰለኝ ብለህ ትቆርባለህ? ቀን አለህ፣ ቀጥል» ብለው ዘጉት። ካህን ስልክ ሲዘጋ ይከብዳል።

ከሥራ መልስ ታደለ ሽሮ ሠርቶ ጠበቀኝ ብል ደስ ባለኝ። አልጠበቀኝም። የራሱን በልቶ ሳህኑን ያጥባል። ጀርባውን እንደሰጠኝ «ፍልሰታን ጅግጅጋ ትሄዳለህ?» አለ።

«ከታረቅከኝ።»

«እኔ አልሄድም። በዚህ ልቤ አልቆርብም።» ሳህኑን አንጠባጠበ። «ከሄድክ ግን ለካህኑ የእናቴን ስም ስጥልኝ። በጸሎት ያስቡልኝ። በሕይወት ካሉት ጋር በል። ወለተ ሥላሴ ናት።»

«ወለተ ሥላሴ» አልኩ።

«እንዳትረሳው።»

«ጸሐፊ እኮ ነኝ» አልኩት። አልሳቀም። ፍራሹ ግን ዛሬ ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ ምናልባት ረስቶት ነው፣ አላውቅም።

ይሄ እርቅ ነው? አይመስለኝም። አባም አይቀበሉትም ይሆናል። ራት ከበላሁ በኋላ ስልኬን ከፈትኩ፣ አባታችን ሆይን ሳልል ነበር፤ በደብተሬ አልዋሽም። አንዱ ስለ እኛ መንደር የማይባል ነገር ጽፏል። መልሱ ወዲያው መጣልኝ፣ ደግሞ ጥሩ መልስ ነበር፣ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። መጻፍ ጀመርኩ። የታደለ ከተማ ስም ላይ ስደርስ ወለተ ሥላሴ የሚለው ስም አፌ ላይ መጣ። በስም የማውቃት እናት ያለችበት ከተማ ትንደድ ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ። አልወጣልኝም። በዚያ ምትክ ስልኩን ለታደለ ሰጥቼው «ባትሪው ሞልቷል፣ በእኔ ሞክራት» አልኩት። አሁን እየደወለ ነው። እስካሁን አልተነሳም።