ቢጫ ሆኖ የሚቀረው ወረቀት

ለእትዬ፣ እስካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ባለቤቴም ማንኮራፋቱን አልተወም።

ሥራዬ ያው ነው። የኩላሊት ሕመም ሳይብስ የሚያሳውቅ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት እንቆርጣለን፤ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ዳቦ ያንሳል። የጤነኛ ሰው ሽንት ሲነካው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ አለዚያ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ምርቱ ከመታሸጉ በፊት ጠዋት ጠዋት ከመሃላችን አንዷ በራሷ ሽንት ትፈትነዋለች። "የጤነኛ ተራ" እንለዋለን።

ሰኞ ተራው የእኔ ነበር። ወረቀቱ አረንጓዴ ሆነ። አለቃችን "እርጥበት ገብቶበታል" ብሎ ምርቱን በሙሉ አስጣለ። እኔም "አዎ፣ ይሄ ዝናብ ነው" አልኩ። ማክሰኞ ባልደረባዬ ሆዷ አልቆርጥ ብሎ ከተጣለው አንዱን አንስታ በራሷ ሞከረችው፤ ቢጫ ሆነ። "አይ አንቺ፣ ያን ሁሉ ካርቶን በከንቱ አስጣልሽን!" ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ተራዬን ለእሷ ሰጥቼ በምትኩ ወለሉን እጠርጋለሁ።

ጫማዬ ስለጠበበኝ በነጠላ ጫማ ነው የምውለው። መቆም ስለበዛ ይሆናል።

እትዬ፣ እናታችንን ያስታመምሻት አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ያበጠው እግሯ ነበር ወይስ ፊቷ? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ሦስት ወረቀት ልኬልሻለሁ። ጠዋት ሞክሪና ቀለሙን ብቻ ጻፊልኝ። ከተጣለው ምርት ናቸው፤ ግን አትጠራጠሪ፣ ምንም እንከን የለባቸውም።

ጤናሽን አብዝታ የምትመኝልሽ፣
ታናሽሽ