ዓይን ጨፍኖ የሚታይ ካርታ

ሰበታ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለጥሩዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የጅንካ ሙቀት በረታብሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ማርቲ በድምፅ አንብባ ትልክልሻለች፤ እህትሽ ስታነብ ትቸኩላለችና ቀስ በይ ብያታለሁ።

ቅዳሜ ማርቲ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሯ ሕዝቅያስ መጽሐፍ ስላልበቃው፣ አንቺ ቴሌግራም ላይ የምትለቂያቸውን ትምህርቶች ለክፍሉ ያሰማል። እህቷ መሆንሽን ግን አያውቅም፤ ማርቲ "ያደላላታል ይሉኛል" ብላ ደብቃዋለች።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ዱባለ ተነሱና፣ "ልጆቻችን ስልክ ላይ ተጥደው መዋላቸው ነው። ደግሞ አስተማሪዋ ዓይነ ስውር ናት አሉ። ያላየችውን ካርታ እንዴት ታስተምራለች? ይቁም!" አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ልነሳ ስል ማርቲ እጄን ያዘችኝ።

መምህሩ አልተከራከረም። "እስቲ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ" ብሎ ድምፅሽን ከፈተው።

"ሰበታ ላይ ቆማችኋል። የጠዋት ፀሐይ ፊታችሁን እየሞቀው ነው። ግራ እጃችሁን ዘርጉ፤ ቡራዩ በዚያ ነው። አሁን በቀኝ ትከሻችሁ ላይ ወደ ኋላ ጠቁሙ፤ የጅማ መንገድ ነው። መጀመሪያ ተፍኪ፣ ቀጥሎ ተጂ። ሰው ለምን መንገድ ዳር ሰፈረ? ቤት ስትገቡ ትልልቆቹን ጠይቁ። የአንዱንም ቃል ከሌላው ጋር አመሳክሩ።"

ልጄ፣ አዳራሹ ሙሉ እጁን ዘረጋ! ኦቦ ዱባለ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ወደ ኋላ ይጠቁማሉ።

"ተጂ... የተወለድኩበት" አሉ ቀስ ብለው። "አባቴ ጤፍ ሊሸጥ መጥቶ ነው እዚያ የቀረው። ልጄ ሰሞኑን ስለሱ ስትጠይቀኝ ምን ነካት ብዬ ነበር። ለካ ከዚህ ሰምታ ነው! ይህች አስተማሪ የማን ልጅ ናት?"

ተነሳሁ። "የኔ ናት" አልኩ። ኦቦ ዱባለ ሰዉን አልፈው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ይቀጥል!" አሉ።

መምህሩ አሁን ቡራዩና ሱሉልታ ላሉ ጓደኞቹም ትምህርቶችሽን እየላከላቸው ነው። እኔማ ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው፤ ማርቲ ታፍርብኛለች።

ከሥራ ስገባ እኔም አዳምጥሻለሁ። "አባዬ፣ ይሄንን እኮ ትናንትም ሰምተኸዋል" ትለኛለች ማርቲ። ትምህርት ደጋግመው ሲሰሙት ነው የሚገባው እላታለሁ።

ደግሞ አንድ ቀን ከጅንካ ሰበታ የሚያመጣውን መንገድ አስተምሪ። ተማሪዎቹ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የቆምሽበትን መሬት ያለምልምልሽ፤ ድምፅሽን አያሳጣን።

አባትሽ ወርቁ