ጉበቴ ስለጸደቀልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የአካል ለጋሾች አጽዳቂ ኮሚቴ ሰባት አባላት፣

ጤናችሁ እንደ ቀጠሯችሁ የረዘመ ይሁን፤ ጉበታችሁም እንደ ልባችሁ ከመደንደን ይጠበቅ።

እኔ ከመሥሪያ ቤታችሁ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማኅተም የምቀርጽ ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ቫይረስ ጉበቱን ስላደነደነበት፣ ሐኪሞች ከእኔ ጉበት ቆርሰው ቢተክሉለት እንደሚተርፍ፣ የእኔም መልሶ እንደሚያድግ ነግረውን ፈቃዳችሁን ልንለምን ከመጣን አሥራ አራት ወር ሆነን። ስለተደረገልን መስተንግዶ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

፩. ዝምድናችንን እናታችን በአካል ቀርባ እንድትመሰክር ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑን ባስረዳቸው፣ ጸሐፊያችሁ በትሕትና፣ እንግዲያውስ ያልቀረበችበትን ምክንያት በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ። አቀረብኩ።

፪. የምርመራ ውጤቴ የሚያገለግለው ለዘጠና ቀን ነው፤ እናንተ ሰባታችሁም ተሟልታችሁ የምትገኙት ደግሞ በመቶኛው ቀን ነው። በዚህ ጥበብ አራት ጊዜ ተመርምሬ፣ በሰፈሩ እንደ እኔ ጤንነቱ የተመሰከረለት ሰው ጠፍቷል።

፫. ወንድሜን መጠጥ ትጠጣለህ ወይ ብላችሁ ሦስት ጊዜ ስለጠየቃችሁት አመሰግናለሁ። ከሻይ ሌላ የማያውቀው ሰው፣ መጠርጠሩ ካልቀረልኝ ምነው ቀምሼው በነበር እያለ ሲቆጭ ከርሟል።

፬. ክብ ማኅተማችሁን ከአምስት ዓመት በፊት የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ የቅርጹ ቅጂ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የወንድሜ ሚስት፣ የባሏ ሆድ ውኃ ቋጥሮ የሸሚዙ ቁልፍ አልገጥም ያለ ዕለት፣ በሬ ላይ ቆማ «አንተ፣ ማኅተሙ እጅህ ላይ አይደል እንዴ? ፈቃዱ ላይ ምታውና ይዳን» አለችኝ። እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝና፣ የሰባት ትልልቅ ሰዎችን ሥራ መንጠቅ ነውር ነው፣ ትንሽ እንታገሥ ብዬ መከርኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም። እናንተን ማመኔን ከጥፋት ከቆጠራችሁት፣ የሠራሁት ጥፋት እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ፤ ለጋሽነትዎ ጸድቋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። በዚያው ዕለት ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ የወንድሜ ሰውነት ከእንግዲህ ቀዶ ጥገና እንደማይችል ነግረውን ነበር። ቢሆንም ደብዳቤውን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነበብኩለት። ቢጫ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰና «ሥራህ ያምራል» አለኝ።

የቆረሰው የሌለ ሙሉ ጉበት ከነፈቃዱ ተሸክሜ፣ ከወንበራችሁ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ማኅተም ቀራጫችሁ

ማስታወሻ፦ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ማኅተም ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ ተበልቶ ይመጣልኛል። የእናንተን ከደብዳቤው ላይ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ዛሬ ከእጄ የወጣ ይመስላል። ለእድሳት አትቸገሩ፤ በዚህ አያያዛችሁ ወንድሜን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆቹንም ይቀብራል።